ቁጥሩ ለምን ወረደ?

የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ያጠና ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት የጨረር ምት እንደተቆጠረ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ከፍ ካለ ሕዋሳቱ እየተባዙ ነው ይባላል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ አንዳች ነገር አግዷቸዋል ይባላል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል የዘርፉ ትልልቅ ክርክሮች የተካሄዱት በአመዛኙ ይህን ቁጥር መሠረት አድርገው ነው። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚለቋቸውና በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ የዲኤንኤን ግንባታ የሚገቱ ፕሮቲኖች አሉ የሚለው ሐሳብ የተወለደውም፣ የገነነውም፣ አንድ ጊዜ ሊቀበር የደረሰውም በዚሁ ቁጥር ዙሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ከዚህ ታሪክ ጋር የተዋወቅሁት በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ወቅት ነበር። የምንማርበት መጽሐፍ «ገቺ ቲ ሴሎች» (ሌሎች ሕዋሳትን የሚያግዱ ነጭ የደም ሕዋሳት) እና «ገቺ ፋክተሮች» (ሕዋሳት የሚለቋቸው ገቺ ንጥረ ነገሮች) የሚባሉትን በአንድ አንቀጽ፣ ያውም አፍሮ እንደሚናገር ሰው በአጭሩ፣ ጠቅሶ ያልፋቸዋል፤ ከዚያ ገጽ ተገልብጦ ስለ አዲሶቹ ግኝቶች በደስታ ይቀጥላል። በሺዎች የሚቆጠሩ የምርምር ጽሑፎች የወጡበት የአሥራ አምስት ዓመት ሥራ እንዴት አንድ አንቀጽ ብቻ ሆኖ ቀረ የሚለው ጥያቄ ስላልለቀቀኝ የድሮዎቹን ጽሑፎች እያወጣሁ ማንበብ ጀመርሁ። ካነበብሁት በኋላ የደረስሁበት አቋም ከመጽሐፉ ለየት ያለ ነው፦ ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ብዙዎቹም ሙከራዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ፤ ችግሩ አንድ ቁጥር ወርዶ ሲታይ፣ ያወረደው ነገር ገና በእጅ ሳይያዝ ስም ወጥቶለት እንደ ተገኘ መቆጠሩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥራጥሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1957 ኸርበርት ቴይለር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የባቄላ ሥር ጫፎችን ትሪቲየም በተባለው ጨረር አመንጪ ሃይድሮጂን ምልክት በተደረገበት ታይሚዲን ውስጥ አስቀመጠ። ታይሚዲን ዲኤንኤ ከሚሠራባቸው አራት ግብአቶች አንዱ ሲሆን፣ ሕዋስ ለሌላ ሥራ አይጠቀምበትም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ምልክቱ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ አዲስ ዲኤንኤ የተሠራበት ቦታ ነው። ቴይለር በዚህ መንገድ በባቄላው ክሮሞዞሞች ላይ አሮጌው ገመድና አዲሱ ገመድ እንዴት እኩል እንደሚከፋፈሉ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፒተር ኖዌል ከቦሎቄ የሚወጣ አንድ ፕሮቲን በደም ናሙና ላይ ሲጨመር ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መከፋፈል እንደሚጀምሩ አስተዋለ። ፕሮቲኑን ይጠቀሙበት የነበረው ቀይ የደም ሕዋሳትን አያይዞ ከነጮቹ ለመለየት ብቻ ነበር። ሊምፎሳይት እስከዚያ ድረስ ዕድሜውን የጨረሰና ከእንግዲህ የማይባዛ ሕዋስ ነው ተብሎ በብዙዎች ይታመን ስለነበር፣ የኖዌል ግኝት ስለ በሽታ መከላከል የነበረውን አስተሳሰብ ከሥሩ ቀይሮታል። (ቦሎቄ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ሆድ የሚያውከው ይኸው ፕሮቲን መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ድስቱን ቶሎ ከእሳት አላወርድም።)

ሁለቱ ግኝቶች ሲጣመሩ የዘርፉ ዋና መለኪያ ተፈጠረ። ከደም የተለዩ ሊምፎሳይቶች ዘጠና ስድስት ትናንሽ ጎድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይከፋፈላሉ፤ በአንዱ ላይ የቦሎቄው ፕሮቲን፣ በሌላው ላይ የባክቴሪያ ቁራጭ፣ በሌላው ላይ ምንም አይጨመርም። የቦሎቄው ፕሮቲን ከሆነ ሦስት ቀን፣ ባክቴሪያው ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጠበቃል። በመጨረሻው ሌሊት ጨረር አመንጪው ታይሚዲን ይጨመራል፤ በማግስቱ ሕዋሳቱ ከመስታወት ክር በተሠራ ወረቀት ላይ ተጣርተው ወደ ቆጣሪው ማሽን ይገባሉ። ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሊምፎሳይት ጠላቱን አውቆ ተነሣ ወይስ ዝም አለ ለሚለው ጥያቄ መልስ ተደርጎ ይወሰድ ነበር።

ይህ መለኪያ በየቤተ ሙከራው እንደተሰራጨ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሕዋሳት ያደጉበትን ፈሳሽ፣ ሕዋሳቱን አውጥቶ ፈሳሹን ብቻ፣ በሌሎች ሕዋሳት ላይ ቢያፈስሱት አንዳንዴ ቁጥሩን ያንረዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያወርደዋል። ፈሳሹ ውስጥ ሕዋሳቱ የለቀቁት ነገር አለ ማለት ነው። በ1969 ዴቪድ ዱሞንድና ባልደረቦቹ ከሊምፎሳይት የሚለቀቁትን እነዚህን ንጥረ ነገሮች በአንድነት «ሊምፎካይን» አሏቸው፤ ከዚያ በኋላ ስም ማውጣት እንደ ጎርፍ ሆነ። አንዱ የክፍፍል ገቺ ፋክተር፣ ሌላው የዲኤንኤ ግንባታ ገቺ፣ ሌላው ፈሳሽ የበሽታ መከላከል ገቺ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃላቸው ይጠሩ ነበር። ስሙ የሚነግረን ፈሳሹ ምን እንደሠራ ነው እንጂ በፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ አይደለም። በጊዜው ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ንጥረ ነገሮቹ የሚገኙት እጅግ በትንሽ መጠን ነው፣ ፕሮቲን ለይቶ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉን ማንበብም ሆነ ጂኑን ማውጣት ገና ሩቅ ነበር።

ቁጥሩ የሚወርድባቸውን መንገዶች ሁሉ ማሰብ ግን ያን ጊዜም ይቻል ነበር፤ አንዳንዶችም አስበውታል። ሕዋሳቱ ሞተው ሊሆን ይችላል። በ1968 በካሊፎርኒያ የታወቀው ሊምፎቶክሲን ሕዋስን የሚገድል እንጂ ክፍፍሉን የሚያቆም አይደለም፤ ቆጣሪው ግን የሞተን ሕዋስ መከፋፈል ካቆመ ሕያው ሕዋስ አይለይም። ማሳደጊያው ፈሳሽ ማይኮፕላዝማ በተባሉ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ተበክሎ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ታይሚዲንን የሚሰብር ኢንዛይም ስላላቸው ምልክት የተደረገበት ታይሚዲን ወደ ሊምፎሳይቱ ሳይደርስ ያልቃል። ሊምፎሳይቱ የሚያስፈልገውን አንድ አሚኖ አሲድ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ማክሮፋጅ የተባሉት በላተኛ ሕዋሳት ከሚለቋቸው ገቺዎች አንዱ አርጊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሆኖ ተገኝቷል፤ ሥራውም በፈሳሹ ውስጥ ያለውን አርጊኒን አሟጥጦ ሊምፎሳይቶቹን ማስራብ ብቻ ነበር።

ከሁሉም ግን አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የማክሮፋጁ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማክሮፋጆች ያደጉበት ፈሳሽ የሊምፎሳይቶችን ታይሚዲን አወሳሰድ በኃይል እንደሚያወርድ ተደጋግሞ ታየ። ገቺው ምንድን ነው ተብሎ ሲጣራ፣ ሲመዘን፣ ሲፈተሽ፣ ፕሮቲን አለመሆኑ ታወቀ፤ እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ነበር። በመጨረሻ ማንነቱ ሲለይ ራሱ ታይሚዲን ሆኖ ተገኘ፤ ምልክት የሌለበት ተራ ታይሚዲን። ማክሮፋጆቹ እሱን ወደ ፈሳሹ ይለቅቁታል፣ ሊምፎሳይቶቹም ከሁለቱ ያገኙትን ሳይመርጡ ይወስዳሉ። በግብዣ ላይ ስንት ሰው እንደበላ ለማወቅ ማኅተም የተመታባቸውን ዳቦዎች ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ ጎረቤት ማኅተም የሌለው ዳቦ ይዞ ሲመጣ ተጋባዡ ጾሙን አደረ ብሎ እንደሚጽፈው ማለት ነው። የዲኤንኤ ግንባታው በሙሉ ኃይሉ ይቀጥላል፤ የወረደው ቁጥሩ ብቻ ነው። ይህን ግኝት ያወጡት ሰዎች ከትልልቆቹ የዘርፉ ስሞች መካከል አይደሉም፤ እኔ ግን ከብዙ ታላላቅ ግኝቶች በላይ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም ለአንድ ፋክተር ስም ከማውጣት ይልቅ የፋክተሩን ማንነት እስከ መጨረሻው ተከታትለው፣ የማያስደስተውን መልስ አትመዋል።

ይህ ሁሉ ግን ገቺ የለም ማለት አልነበረም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ገርሾን ከካዙናሪ ኮንዶ ጋር በ1970 ባሳተመው ሥራ የታይመስ ዕጢ ውላጆች የሆኑት ቲ ሴሎች ሌሎች ሕዋሳትን ከመርዳት አልፈው ዝም ሊያሰኙም እንደሚችሉ አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ከአንድ ዝም ካለ አይጥ የተወሰዱ ሕዋሳት ወደ ሌላ አይጥ ሲዛወሩ ዝምታውም አብሮ እንደሚዛወር አሳይቶ «ተላላፊ ትዕግሥት» አለው። ቁጥር ከመውረዱ ያለፈ ነገር ነበር፤ በሕያው እንስሳ ላይ የታየ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ኃይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከመጠን አለፈ። ገቺ ሕዋሳትን የሚያስነሡ ገቺዎች፣ የሚያግዷቸው ተቃራኒ ገቺዎች፣ እያንዳንዳቸውም የሚለቋቸው ፋክተሮች እየተባለ ሥዕሉ በየዓመቱ ቀስቶች እየበዙበት ሄደ። በ1976 ጃፓን ውስጥ ቶሚዮ ታዳ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዶናል መርፊና ባልደረቦቹ የገቺ ፋክተሮች መለያ የሆነ አንድ የጂን ቦታ በአይጥ ክሮሞዞም ላይ አገኘን አሉ፤ አይ-ጄ ተባለ። ለስድስት ዓመታት ያህል ብዙ ቤተ ሙከራዎች የአይ-ጄ ፀረ እንግዳ አካል እየሠሩ፣ በእሱም ፋክተሮችን እየያዙ ቆዩ። ከዚያ በ1982 በካሊፎርኒያ የሊሮይ ሁድ ቡድን ያንን የክሮሞዞም አካባቢ በዲኤንኤ ደረጃ አንብቦ ሲጨርስ አይ-ጄ ይገኝበታል በተባለው ጥቂት ሺህ ፊደላት በማይሞላ ክፍተት ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጂን የሚሆን ቦታ አልተገኘም። በሚቀጥለው ዓመት ከገቺ ሴሎች ውስጥ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም ጂን ሲሠራ የሚገለበጠው ቅጂ፣ ተፈልጎ ሳይገኝ ቀረ። ገርሾን በዚያው በ1983 ገና በሃምሳ ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ዐረፈ። ብዙዎች ዘርፉን ጥለው ወጡ፤ ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማትም ፊታቸውን አዞሩ።

የጂኑ አለመኖር ፋክተሩን ሊጥለው እንደሚገባ እስማማለሁ። በሕያው አይጥ ላይ የታየውን ዝምታ አብሮ መጣሉን ግን ዛሬም አልስማማበትም፤ ሰውየው የተናገረበት ቃል ስሕተት ስለሆነ ያየውም ስሕተት ነው እንደማለት ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ አዲስ አበባ የራሷ ቦታ እንደነበራት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1970 በአለርት ግቢ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ሥጋ ደዌ ለበሽታ መከላከል ሳይንስ የተለየ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው አንድ ሆኖ ሳለ በሽታው እንደ ሰውየው መከላከያ ይለያያል። በአንደኛው ጫፍ ያለው ታካሚ ጥቂት ቁስሎች ብቻ ይኖሩታል፣ በቁስሉም ውስጥ ባክቴሪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ፣ ሌፕሮማተስ የሚባለው፣ ቆዳው በባክቴሪያ ይሞላል፣ ሊምፎሳይቶቹም ባክቴሪያውን እንዳላዩ ይሆናሉ። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን በአምስት ደረጃ ከፍለው አስቀምጠውታል።

የኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ የታካሚዎችን ሊምፎሳይቶች ወስደው በዚያው በታይሚዲን መለኪያ ሲፈትኗቸው ሌፕሮማተስ ታካሚዎች ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቁጥራቸው ከመነሻው አይነሣም ነበር። ለሌሎች ነገሮች ግን ይነሣል፤ ዝምታው ለዚህ ባክቴሪያ ብቻ ነው። ጎዳል በ1971 ያወጣው ትርጓሜ ባክቴሪያውን የሚያውቁት ሊምፎሳይቶች በደም ውስጥ የሉም የሚል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የባሪ ብሉም ቡድን አሉ፣ ነገር ግን በባክቴሪያው የሚቀሰቀሱ ገቺ ሴሎች አፍነዋቸዋል አለ። ዝቅ ያለው ቁጥር አንድ ሆኖ ትርጓሜው ሁለት ሆነ፦ ጎዶሎ ነው ወይስ አፈና?

በ1983 ኢትዮጵያዊው አበበ ሐረገወይን ጎዳልን ጨምሮ ከባልደረቦቹ ጋር በኔቸር መጽሔት ላይ ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ሦስተኛ መልስ አቀረበ። ሙከራው ሲነበብ ቀላል ይመስላል። የሌፕሮማተስ ታካሚዎችን ሊምፎሳይቶች ከባክቴሪያው ጋር አቀናጅተው፣ ሌሎች ቲ ሴሎች ያደጉበትን፣ ዛሬ ኢንተርሉኪን-2 የምንለው የእድገት ፕሮቲን ያለበትን ፈሳሽ ጨመሩበት። ቁጥሩ ተነሣ። ስለዚህ ባክቴሪያውን የሚያውቁት ሊምፎሳይቶች ነበሩ፤ ያጡት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን፣ በወትሮው ራሳቸው የሚሠሩትን ፕሮቲን ነበር። በኋላ በሌሎች አገሮች ሲሞከር በሁሉም ታካሚዎች ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አልተገኘም፤ ይሁንና የጽሑፉ ብልሃት ለእኔ ከውጤቱ ይበልጥብኛል። ሌሎች ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲያዩት ያወረደውን ፋክተር በሚፈልጉበት ዘመን፣ እነሱ የጎደለ ነገር አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ገቺ ፋክተር መኖሩና አነቃቂ ፋክተር መታጣቱ በቆጣሪው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መልክ እንዳላቸው ያስተዋለ ሰው የሚሠራው ሙከራ ነው።

ያ ሁሉ ፍለጋ በሚካሄድበት ጊዜ እውነተኛው ገቺ ፕሮቲን በሌላ በር ገብቶ ነበር፤ ያውም የእድገት ፋክተር ተብሎ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አኒታ ሮበርትስና ማይክል ስፖርን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ጤናማ ሕዋሳትን የካንሰር ጠባይ የሚያስይዝ ፕሮቲን ሲከታተሉ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለውን ለዩ። በ1984 ደግሞ ከዝንጀሮ ኩላሊት ሕዋሳት የሚወጣና የሌሎችን ክፍፍል የሚገታ ተብሎ ለዓመታት ሲጠና የቆየ ንጥረ ነገር ከቲጂኤፍ-ቤታ ጋር እጅግ የተቀራረበ፣ ምናልባትም ራሱ መሆኑ ታወቀ። በ1986 የሰው ቲ ሴሎች ራሳቸው ይህን ፕሮቲን እንደሚለቁና የሌሎች ቲ ሴሎችን መባዛት እንደሚገታ ታተመ፤ ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ በኋላ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ዓለም ያወቀው አንቶኒ ፋውቺ ነው።

ቲጂኤፍ-ቤታ ከፋክተሮች ዘመን ስሞች የሚለየው መያዝ፣ መመዘንና መነበብ በመቻሉ ነው። እያንዳንዳቸው 112 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተያያዙበት ፕሮቲን ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ማይክሮግራም ባነሰ መጠን ይሠራል። ሥራውም የድሮዎቹ ስሞች እንደሚያስመስሉት ዲኤንኤን የሚገነባውን ኢንዛይም በቀጥታ መያዝ አይደለም። በሕዋሱ ቆዳ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይያያዛል፣ ተቀባዩ ስማድ የተባሉ ፕሮቲኖችን ወደ ኒውክሊየስ ይልካል፣ እነሱም ሕዋሱን ወደ ክፍፍል የሚገፉትን ኢንዛይሞች የሚያስሩ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዲሠሩ ያዛሉ፤ ሚክ የተባለው ዋነኛ የእድገት ጂንም ድምፁ ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ ሕዋሱ የዲኤንኤ ግንባታ ከሚጀመርበት ምዕራፍ በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ይቆማል። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ፕሮቲኑ ቢጨመር አይጠቅምም፤ የጀመረ ሕዋስ የጀመረውን ይጨርሳል። ይህን ስረዳ «የዲኤንኤ ግንባታ ገቺ» የሚለው የድሮ ስያሜ ትክክልም ስሕተትም ሆኖ ታየኝ፤ ግንባታው በእርግጥ ይቀራል፣ ነገር ግን የሚቀረው ውሳኔው ከበፊቱ ስለተለወጠ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለው። ሲለቀቅ ታስሮ ነው የሚለቀቀው፤ ከራሱ በወጣ ሌላ ቁራጭ ተሸፍኖ ስለሚወጣ ሽፋኑን የሚያወልቅለት ሕዋስ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ መኖሩ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ አሲድ ቢነካው ወይም ቢሞቅ ግን ይፈታል። የድሮዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ ፋክተር በአሲድ ሲታጠብ ጠነከረ፣ ሌላው ደከመ እያሉ የጻፉትን ሳነብ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሳያውቁት ይህንኑ ይዘውት እንደነበር እጠረጥራለሁ። በአይጥ ላይ ጂኑ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በ1992 ታየ፦ ግልገሎቹ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ልባቸውና ሳንባቸው ጭምር በራሳቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ተወርረው ይሞታሉ።

ኢንተርፌሮንም ከዚሁ ቤተሰብ በተግባር ይቆጠራል። በ1957 ለንደን ውስጥ አይዛክስና ሊንደንማን ያገኙት ቫይረስን ስለሚያግድ ነው፤ በ1962 ግን ፓከር፣ ካንቴልና ሄንሌ የሕዋሳትን መባዛት ራሱን እንደሚያዘገይ ጻፉ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልታመነም፤ ያን ጊዜ የነበረው ኢንተርፌሮን ያልጠራ ስለነበር ገቺው ቆሻሻው ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ነበር። ፕሮቲኑ ሲጠራ ግን ገቺነቱ አብሮት ቀረ፤ በ1986 ኢንተርፌሮን አልፋ ለአንድ ብርቅ የደም ካንሰር መድኃኒትነት በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የቆዳ ካንሰር ሕዋሳትን እድገት ስለሚያቆም ኦንኮስታቲን ኤም የተባለ ሌላ ፕሮቲንም ታትሟል፤ እሱ ግን በኋላ እንደየሕዋሱ አንዱን የሚያቆም፣ ሌላውን የሚያባዛ ሆኖ ተገኘ።

ገቺ ሕዋሳቱ ራሳቸው የተመለሱት በጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በኩል ነው። በ1969 ሌሎች ጃፓናውያን በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ታይመሳቸው የወጣባቸው አይጦች እንቁላል ማፍሪያቸው እንደሚበላሽ አይተው ነበር፤ የሆነው ነገር መከላከያቸው በራሳቸው አካል ላይ መነሣቱ ነው። ሳካጉቺ ዘርፉ በተጠላበት ዘመን ሁሉ ይህን ይዞ ቆየ። በ1995 ሲዲ25 የተባለ ምልክት ያላቸው ጥቂት ቲ ሴሎች ሲወገዱ አይጡ ራሱን እንደሚያጠቃ፣ ሲመለሱለት እንደሚድን አሳየ። በ2001 ደግሞ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ከ1940ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ እየተባዙ ይጠበቁ ከነበሩ፣ ቆዳቸው ከሚቀረፍ በሽተኛ አይጦች ተነሥተው ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን አገኙ፤ በልጆች ላይ ተመሳሳይ ከባድ በሽታ የሚያመጣውም የዚሁ ጂን ጉድለት መሆኑ ታወቀ። በ2003 ጂኑ የእነዚያው የሳካጉቺ ሕዋሳት አዛዥ መሆኑ ተረጋገጠ። ሦስቱም በጥቅምት 2025 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከገርሾን ሥራ የተለየው ዋናው ነገር ሕዋሱ የሚያዝበት ምልክትና ጂን መኖሩ ነው፤ ያየው ዝምታ ግን ከዚህኛው እምብዛም የራቀ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለፋክተር ፈላጊዎች መራራ ነበር። እነዚህ ሕዋሳት በሳህን ላይ ሲፈተኑ የሌሎችን ታይሚዲን አወሳሰድ በእርግጥ ያወርዳሉ፤ ነገር ግን በመካከላቸው ሕዋስ የማያሳልፍ፣ ፈሳሽ ግን የሚያሳልፍ ወንፊት ሲደረግ ገቺነታቸው በአመዛኙ ይጠፋል። በሳህን ላይ መነካካት ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በሕያው አካል ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታንና ኢንተርሉኪን-10 የተባለውን ሌላ ገቺ ፕሮቲን ይጠቀማሉ፣ በተለይ በአንጀት ውስጥ፤ ቲጂኤፍ-ቤታውንም ቢሆን በቆዳቸው ላይ አጣብቀው ይዘውት ይዞራሉ። ከዚህም ሌላ፣ ሲዲ25 የተባለው ምልክታቸው ራሱ ኢንተርሉኪን-2ን የሚቀበለው ተቀባይ አካል ነው። በዙሪያቸው ያለውን ኢንተርሉኪን-2 አሟጥጠው ሲወስዱት አጠገባቸው ያለው ሊምፎሳይት ለመባዛት የሚያስፈልገውን ያጣል። ጎዶሎ ነው ወይስ አፈና የሚለው የሥጋ ደዌ ጥያቄ እዚህ ላይ ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ቦታ አገኘ፤ አፋኙ የሚያፍነው በማጉደል ነው።

መለኪያውም ዛሬ ብቻውን አይታመንም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሕዋሳትን በሚያበራ ቀለም ነክሮ፣ በተከፋፈሉ ቁጥር ቀለሙ በግማሽ ሲቀንስ እያንዳንዱ ሕዋስ ስንት ጊዜ እንደተከፈለ መቁጠር ተችሏል፤ የሞተው ከሕያው፣ የተከፋፈለው ካልተከፋፈለው የእያንዳንዱን ሕዋስ ብርሃን በሚለካው ማሽን ይለያል። ጨረር የማይፈልግ በመሆኑ ለብዙ ቤተ ሙከራዎች ተስማሚ ነው፤ የጨረር ቆሻሻ ማስወገድ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ያሉት የአርማወር ሐንሰን ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ባሳተሙት ሥራ ወደዚያው ወደ ሌፕሮማተስ ታካሚዎች ተመልሰዋል። ከታካሚዎቹ ደም ውስጥ ሲዲ25 ያላቸውን ሕዋሳት አውጥተው የቀሩትን ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር አገናኙ። ከታካሚዎቹ በከፊሎቹ ዝም ያሉት ሊምፎሳይቶች ተነሥተው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን፣ መከላከያን የሚያነሣሣ ፕሮቲን መልቀቅ ጀመሩ፤ በሌሎቹ ግን ሕዋሳቱ ወጥተውም ዝምታው ቀጠለ። ብሉምም ጎዳልም አበበ ሐረገወይንም፣ እያንዳንዳቸው በአንዳንድ ታካሚ ላይ ልክ የነበሩ ይመስላል፤ ከእንግዲህ የሚጠየቀው የትኛው ታካሚ በየትኛው ምክንያት ዝም እንዳለ ነው፣ እሱን ደግሞ ለእያንዳንዱ ታካሚ ለየብቻው መመርመር ይጠይቃል።